ከዲሲ ልንወጣ ነው፣ ልጃችን አይኢፒ አለው፤ የቱ ካውንቲ ይሻላል?

የወንድና የሴት ልጅ እናት (ጥያቄውን ያቀረበችው)

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን ግን መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

የምንኖረው ዲሲ ነው። ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ አራት ነን። ሊዛችን ጁላይ መጨረሻ ላይ ያልቃል፣ ኪራዩም እንደገና ሊጨምር ነው። ባለቤቴ "ወጣ ብለን ሰፋ ያለ ቤት እንያዝ" ማለት ከጀመረ ዓመት አለፈው። እሱ የሚያየው ሜሪላንድ ያለውን ጀርመንታውንን ወይም ቨርጂኒያ ያለውን ዉድብሪጅን ነው። እኔ ግን እንቅልፍ ያጣሁት በቤቱ ጉዳይ አይደለም፣ በልጁ ነው።

ትልቁ ልጃችን 6 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለው። አይኢፒ፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ለእሱ ብቻ የሚጽፍለት የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ፣ ያገኘው 3 ዓመት እንደሞላው ነው። ቃላት አሉት ግን ጥቂት ናቸው። "ውሃ" ይላል፣ "በቃ" ይላል፣ ደስ ሲለው የእህቱን ስም ይጠራል። አሁን ያለበት ክፍል ልጅ የማይበዛበት ነው፣ አስተማሪዋን ይወዳታል። ጠዋት ባስ ሊመጣ ሲል ጫማውን ራሱ አንስቶ በሩ ጋ ይቆማል። እዚህ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል፤ አሁን ከዚያ ነቅዬ ሌላ ቦታ ስወስደው ያ ሁሉ ተመልሶ ቢጠፋስ እያልኩ ነው የምጨነቀው።

ሰው ስጠይቅ ሁሉም የራሱን ካውንቲ ያመሰግናል። ጓደኛዬ "ዐይንሽን ጨፍነሽ ሞንትጎመሪ ግቢ" ትለኛለች፣ ሜሪላንድ ያለውን ማለቷ ነው። የባለቤቴ ዘመድ ደግሞ ከቨርጂኒያ "ፌርፋክስን የሚያህል የለም" ይላል። ሁለቱም ግን እንደኔ ያለ ልጅ የላቸውም። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ 8 ከ10፣ 9 ከ10 የሚል ነጥብ አለ፤ ያ ነጥብ ስለ እኔ ልጅ ምን እንደሚነግረኝ አልገባኝም። በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ማንን ልጠይቅ? ምን ብዬ? አይኢፒው አብሮን ይሄዳል ወይስ ከዜሮ ልንጀምር ነው?

የሁለት ልጆች አባት

እህቴ፣ መጀመሪያ ያን ነጥብ እርሺው። በአብዛኛው የሚሰላው ከፈተና ውጤት ነው። 9 ያገኘ ትምህርት ቤት ውስጥ ለልጅሽ የሚሆን አንድም ክፍል ላይኖር ይችላል፣ 4 ያገኘው ውስጥ ደግሞ ሃያ ዓመት የሠራች የስፒች (የንግግር ሕክምና) ባለሙያ ልታገኚ ትችያለሽ።

እኛ የሠራነውን ስህተት ልንገርሽ። ካውንቲውን አልጠራም፤ የትም ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው። ቤቱን ስንገዛ ትምህርት ቤቱን አይተን ነው የገዛነው፣ በእግር 5 ደቂቃ ነው። ሚስቴ ኩሽና ሆና ልጁ ግቢው ውስጥ ሲገባ በመስኮት እንደምታየው እያሰበች ነበር መጋረጃ የመረጠችው። ወረቀታችንን ይዘን ሄድን፣ ስብሰባ ተቀመጥን፣ ከዚያ በጣም በትህትና "ለልጃችሁ የሚሆነው ፕሮግራም እዚህ የለም፣ ሌላ ትምህርት ቤት ነው ያለው" አሉን። በባስ 50 ደቂቃ ማለት ነው። መስኮቱ አሁንም አለ፣ የሌሎች ልጆች ሲገቡ እናያለን።

ልጅ የማይበዛበት፣ ረዳት አስተማሪ ያለው ክፍል በየሰፈሩ አይገኝም። ካውንቲው የተወሰኑ ትምህርት ቤቶችን መርጦ እዚያ ነው የሚከፍተው። ስለዚህ አድራሻሽ የሚወስነው ካውንቲውን ነው እንጂ ልጅሽ የሚገባበትን ሕንፃ አይደለም። ቤት ከመፈለግሽ በፊት የካውንቲውን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቢሮ ደውዪ፤ የሰፈሩን ትምህርት ቤት አይደለም፣ ዋናውን ቢሮ። "አይኢፒው በሳምንት ይሄን ያህል ሰዓት በልዩ ክፍል ይማር የሚል የ6 ዓመት ልጅ አለኝ፣ በዚህ አካባቢ ብኖር እንደሱ ያሉ ልጆች የት የት ነው የሚመደቡት?" በያቸው። ቃል አይገቡልሽም ግን የትምህርት ቤቶቹን ስም ይነግሩሻል። ከዚያ ካርታ አውጪና ቤት ፈልጊ። እኛ የሠራነው በተቃራኒው ነው።

ቨርጂኒያ ነዋሪ

ወንድሜ ከላይ ያለው እውነት ነው። እኔ ስለ ሕጉ ልጨምር።

አይኢፒን ያመጣው የፌዴራል ሕግ ነው፣ ሰው "አይዲያ" እያለ የሚጠራው። መጀመሪያ የወጣው በ1975 ነው፣ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1990። የፌዴራል ስለሆነ 50ውም ስቴት ላይ፣ ዲሲም ላይ ይሠራል። አንቺ ከዲሲ ስለምትነሺ ግን ወደ ሜሪላንድም ሂጂ ወደ ቨርጂኒያ፣ ያው ስቴት እንደ መቀየር ነው የሚቆጠረው። አዲሱ ካውንቲ በመጀመሪያው ቀን ከድሮው አይኢፒ ጋር "ተመጣጣኝ" አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለበት። በዚያው ላይ ግን "የራሳችንን ምዘና እናድርግ" ማለት ይችላል፣ ከዚያም አዲስ አይኢፒ ይጽፋል። ከሞንትጎመሪ ወደ ፍሬድሪክ ብትሄጂ ስቴቱ አንድ ስለሆነ ነገሩ ቀለል ይላል።

"ተመጣጣኝ" የምትለዋን ቃል ልብ በዪ። አንድ ዓይነት ማለት አይደለም። የእኔ ልጅ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለብቻው ስፒች ነበረው፤ አዲሱ ቦታ ሁለት ጊዜ በቡድን ሆነ፣ ደቂቃው ሲደመር ተቀራራቢ ነው ተባልን። ቨርጂኒያ ጥሩ ጎን አላት፦ አይኢፒው ላይ ለውጥ ለማድረግ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። ካልፈረምሽ አሮጌው ይቀጥላል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ሜሪላንድ ከዚህ ጠበብ ይላል።

ሌላ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አድራሻ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ካውንቲ ማለት የትምህርት ቤት ዲስትሪክት (ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው) ነው፣ 23 ካውንቲና ባልቲሞር ከተማ፣ በቃ 24 ናቸው። ቨርጂኒያ ግን ከተሞቹ ከካውንቲው ውጪ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። ፖስታ ላይ "አሌክሳንድሪያ" ወይም "ፎልስ ቸርች" የሚል ቤት ሁሉ የከተማው ትምህርት ቤት አይደርሰውም፣ ብዙው ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ስካይላይን የሚባለው ሰፈር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ አድራሻው ፎልስ ቸርች ነው ግን ልጆቹ የፌርፋክስ ናቸው። ሜሪላንድም ውስጥ ሎሬል የሚል አድራሻ ሦስት ካውንቲ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የቤቱን ቁጥር የካውንቲው ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ሳታዩ ሊዝ አትፈርሙ።

አስተርጓሚ ነኝ

ሙያዬ ማስተርጎም ነው፣ ብዙ የአይኢፒ ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ። ቦታም ሰውም አልጠቅስም።

እህቴ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ ልጅሽ የተመዘነው 3 ዓመቱ ላይ ከሆነ አሁን 6 ነው። ሕጉ ቢያንስ በየ3 ዓመቱ እንደገና ይመዘን ይላል። ዳግም ምዘናው ተደርጓል? ሁለተኛ፣ አይኢፒውን አውጪና የመጀመሪያዎቹን ገጾች እዪ፣ የልጁ ሁኔታ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው? "ኦቲዝም" ነው ወይስ "ዲቨሎፕመንታል ዲሌይ"?

ይሄን የምጠይቅሽ ብዙ ልጆች በ3 ዓመታቸው ሲገቡ የሚጻፍላቸው ሁለተኛው ስለሆነ ነው። የእድገት መዘግየት ማለት ነው፣ ለትንንሽ ልጆች ብቻ የሚሠራ ስም ነው። የፌዴራል ሕጉ ከ3 እስከ 9 ዓመት ድረስ ይፈቅደዋል፣ ግን እያንዳንዱ ስቴት ከዚያ ዝቅ ማድረግ ይችላል። ያ ስም ይዘሽ ድንበር ከተሻገርሽ አዲሱ ካውንቲ "ይሄ ልጅ በእኛ ሕግ በምን ስም ነው የሚያልፈው?" ብሎ ከመጀመሪያው ሊመዝን ይችላል። የሐኪም ወረቀት ኦቲዝም ቢልም የትምህርት ቤቱ ውሳኔ ለብቻው ነው። ወላጆች ሁለቱ አንድ ይመስላቸዋል።

በስብሰባ ላይ ሁሌ የማየውን ደግሞ ልንገራችሁ። ሰባት ስምንት ሰው ጠረጴዛውን ከቦ ይቀመጣል። ሁሉም ደግ ናቸው፣ ሁሉም በፍጥነት ያወራሉ። ወላጅ አንገቱን ይነቀንቃል። እኛ አገር አስተማሪ ሲናገር አይቋረጥም፣ ያደግነው እንደዚያ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያ ሁሉ ገጽ ያልቅና ሁሉም ይነሳል። አንድ ጊዜ "ዲስአቢሊቲ" የሚለውን "አካል ጉዳት" ብዬ ተረጎምኩ። አባትየው ቀና ብሎ "ልጄ አካሉ ሙሉ ነው፣ እንደ ሚዳቋ ነው የሚሮጠው" አለኝ። ልክ ነበር። እሱ ቀና ብሎ ባይናገር ኖሮ ልጁ ምን ተብሎ እንደተመዘገበ ሳይገባው ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ሲመጣ ቆም አድርጌ "ምን ማለታችሁ እንደሆነ በቀላል ቋንቋ አስረዱልኝ" እላለሁ። እናንተም በሉ። አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ በነፃ ነው፣ የ12 ዓመት እህቱን ወይም ወንድሙን እንዲያስተረጉም አታስቀምጡት።

ሜሪላንድ ከገባሽ ደግሞ ረቂቁን አይኢፒ ከስብሰባው ቢያንስ 5 የሥራ ቀን በፊት ሊሰጡሽ ይገባል፣ የስቴቱ ሕግ ነው። ያለቀውን አይኢፒ በቋንቋሽ ተርጉሙልኝ ማለትም ትችያለሽ፣ ቋንቋው ከካውንቲው ተማሪዎች ከ1 በመቶ በላይ የሚናገሩት ከሆነ። ሞንትጎመሪ ብዙ ሰነድ በአማርኛ ያወጣል።

የወንድና የሴት ልጅ እናት

አስተርጓሚዋ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ልጆቹን አስተኝቼ አይኢፒውን አወጣሁት። "ዲቨሎፕመንታል ዲሌይ" ነው የሚለው። ሦስት ዓመት ሙሉ እቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ እኔ ኦቲዝም የሚል ነበር የሚመስለኝ። ዳግም ምዘናም ማንም አላነሳብኝም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

አስተርጓሚ ነኝ

አይዞሽ፣ የከፋ ነገር የለም፣ እንዲያውም በጊዜ አየሽው። ነገ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ በኢሜይል ጻፊ። አጭር ይሁን፦ "የልጄ የሦስት ዓመት ዳግም ምዘና ጊዜው ደርሷል፣ በሁሉም አስፈላጊ መስኮች እንዲመዘን እጠይቃለሁ፣ ኦቲዝምን ጨምሮ።" ቀኑን ጻፊበት። በቃል አትጠይቂ፣ በር ላይ ለአስተማሪዋ አትንገሪ፣ በቃል የተባለ ነገር ቀን የለውም። የሐኪሙንም ወረቀት አያይዢ። ጉዳዩን ከመሄድሽ በፊት እዚሁ ካስጨረስሽው አዲሱ ካውንቲ ትኩስ ምዘና ነው የሚያገኘው፣ እንደገና ለመመዘን ያለው ምክንያትም ይቀንሳል።

ዲሲ የቀረሁት

እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ፣ አትቆጡኝ። ለምን ትወጫለሽ?

ልጁ አስተማሪዋን ይወዳል አልሽ። ጫማውን ይዞ በር ላይ ይቆማል አልሽ። ይሄን የትኛው ካውንቲ ነው የሚሰጥሽ? ሰው ሰፊ ቤት ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ልጁ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ዘመዴን አይቻለሁ።

ሌላም አለ። ከትምህርት ቤት ጋር ብትጣይና ጉዳዩ ዳኛ ፊት ቢቀርብ የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው የሚለው ከቦታ ቦታ ይለያያል። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ጉዳይ የተነሳው ከሞንትጎመሪ ነው፣ የከሰሰው ወገን ያስረዳ ተባለ። ማለት በአብዛኛው ወላጅ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም እንደዚያ ነው የሚሄዱት። ዲሲ ግን በ2014 ባወጣው ሕግ ፕሮግራሙ ለልጁ እንደሚሆን የማስረዳቱን ዋና ሸክም ወደ ትምህርት ቤቱ አዙሮታል። ጠበቃ ለማይችል ሰው ይሄ ልዩነት ነው። ዲሲ ውስጥ በቋንቋችንም አገልግሎት የማግኘት ሕግ አለ፣ ከ2004 ጀምሮ። እኔ በሁለት መኝታ ተጣብቤ ቀርቻለሁ፣ አልቆጨኝም።

የሁለት ልጆች አባት

እህቴ ያልሽው ስለ ሕጉ ልክ ነው። ግን ሰው በየዓመቱ ዳኛ ፊት አይቆምም። አብዛኛው ነገር የሚያልቀው ስብሰባው ላይ ነው፣ ከዚያም በላይ ክፍሉ ውስጥ ያለችው አስተማሪ ማን ናት የሚለው ላይ። እሷ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ልትለቅ ትችላለች፣ ዲሲም ሆነ ሌላ ቦታ። አራት ሰው በአንድ መኝታ ቤት፣ ድምፅ የሚያስጨንቀው ልጅ፣ ታናሽ እህቱ በሌሊት የምታለቅስበት ቤት፣ ይሄም ይቆጠር። ልጁ የሚያርፍበት ጥግ ያስፈልገዋል።

ዲሲ የቀረሁት

እሱስ እውነት ነው። የእኔ አንድ ልጅ ስለሆነ ነው የቻልኩት። ብቻ ኪራይ ስላሰጋት ተቻኩላ እንዳትሄድ ብዬ ነው።

የጀርመንታውን አክስት

ልጆቼ፣ እኔ ስለ ወረቀቱ ብዙ አላውቅም፣ የእህቴን ልጅ ግን አብሬ አሳድጌያለሁ፣ አሁን 19 ዓመቱ ነው።

ወደ ራቅ ያለ ቦታ ስትሄዱ ማሰብ ያለባችሁ ሰው ነው። ባስ ልጁን ሲመልስ እቤት የሚቀበለው ማነው? ሾፌሩ ሰው ካላየ አያወርደውም፣ ይዞት ነው የሚመለሰው። ሁለታችሁም ዲሲ የምትሠሩ ከሆነ 270 መንገድ ላይ አደጋ በተፈጠረ ቀን ምን ታደርጋላችሁ? እህቴ የሌሊት ሺፍት የያዘችው ለዚህ ብላ ነው፣ ለሰባት ዓመት ቀን ተኝታ ከሰዓት በኋላ 3፡30 ሲሆን በሩ ላይ ትቆማለች። ዘመድ፣ ጓደኛ፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለበትን ሰፈር አትናቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ያንገበግበኛል። ልጁ 4 ዓመት ሳለ አንድ ባለሙያ "ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል፣ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት" ብለው እህቴን አሳመኗት። እህቴ ያኔ እንግሊዝኛዋ ደካማ ነበር። ስለዚህ ዝም አለችው። እናት ልጇን ዝም አለችው! ልጅ እያጠበች፣ እያበላች፣ ቃል ሳይወጣት። ዘፈኗን ተወች፣ "እሹሩሩ" ማለቷን ተወች። ከአራት ዓመት በኋላ ሌላዋ ስፒች "በሚያውቁት ቋንቋ ያውሩት፣ ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ አይጎዳውም" አለቻት። ዛሬ ጥናቱም እንደዚያ ነው የሚለው። እህቴ ያን ቀን መኪና ውስጥ ያለቀሰችው ለቅሶ አይረሳኝም። አዲስ ቦታ ስትሄጂ ማንም እንደዚያ ቢልሽ እሺ እንዳትዪ።

አዲስ የመጣሁ

ይቅርታ ውይይቱን ላቋርጥ። በዲቪ ከመጣን 4 ወራችን ነው፣ ዘመድ ቤት አሌክሳንድሪያ ነን። ልጄ 8 ዓመቷ ነው፣ ዳውን ሲንድሮም አላት። አዲስ አበባ እያለን ሁለት ትምህርት ቤት "አንችልም" ብለው መለሱን፣ ቤት ነበር የምትውለው። እዚህ ደግሞ አይኢፒ የላትም፣ የቤት ውልም በስማችን የለም። የራሳችንን ቤት እስክንይዝ ብንጠብቅ ይሻላል? ክፍያውስ ስንት ነው?

አስተርጓሚ ነኝ

እንኳን ደህና መጣሽ። ምንም አትጠብቂ። ክፍያ የለውም፣ ምዘናውም ትምህርቱም ባሱም ነፃ ነው። ቨርጂኒያ ልጆችን ከ2 ዓመት ጀምሮ ትቀበላለች፣ እስከ 21 ዓመትም ትቀጥላለች።

ዘመድ ቤት ለሚኖር ሰው ትምህርት ቤቱ ፎርም አለው፣ የቤቱ ባለቤት ይሞላዋል። ቤት ለመያዝ አቅም አጥታችሁ ተጠግታችሁ ከሆነ ደግሞ ማኪኒ ቬንቶ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ፣ ወረቀት ባይሟላም ልጅቷን ወዲያው ይመዘግቧታል። "የማኪኒ ቬንቶ ኃላፊ ማነው?" ብለሽ ጠይቂ፣ በየዲስትሪክቱ አንድ አለ። አይኢፒ ስለሌላት "ልጄ ለልዩ ፍላጎት ትምህርት እንድትመዘን እጠይቃለሁ" ብለሽ በጽሑፍ አስገቢ፣ በአማርኛም ቢሆን ጻፊው። ጥያቄው ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ በ65 የሥራ ቀን ውስጥ ብቁ ናት ወይም አይደለችም ብለው መወሰን አለባቸው። ከአዲስ አበባ ያመጣሽው የሐኪም ወረቀት ካለ አያይዢ፣ ከሌለ ግን በሱ ምክንያት አትዘግዪ።

ቨርጂኒያ ነዋሪ

የአዲስ አበባውን ስትነግሪን ዘሚ የኑስ ትዝ አሉኝ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ከአሜሪካ ተመልሰው ለልጃቸው ቦታ ሲያጡ ነው ለኦቲዝም ልጆች የሚሆነውን ጆይ ማዕከልን በ2002 በራሳቸው የከፈቱት። አንድ እናት ያንን ያህል ሠርታ እንኳ ወረፋው አላልቅ ያለ አገር ነው። እዚህ ቢያንስ ሕጉ በእጅሽ ነው፣ አትፍሪ።

ለሁላችሁም፦ በየስቴቱ ወላጅን በነፃ የሚያማክር ማዕከል አለ። ቨርጂኒያ ፒታክ ይባላል፣ ሜሪላንድ ዘ ፓረንትስ ፕሌስ ኦቭ ሜሪላንድ፣ ዲሲ ደግሞ ኤጄኢ። ከስብሰባ በፊት ደውሉላቸው።

ዌይቨርንም አትርሱ። ለቤት ውስጥ ረዳት፣ ለወላጅ እረፍት የሚሰጠው የሜዲኬድ (የመንግሥት የጤና መድን) እርዳታ ማለት ነው። ከስቴት ስቴት አይተላለፍም፣ ወረፋውም ዓመታት ነው። ሜሪላንድ ለኦቲዝም ብቻ የሆነ አላት፣ ነዋሪ እንደሆናችሁ ስልክ ደውላችሁ መዝገብ ውስጥ ትገባላችሁ። ቨርጂኒያ የምትጠይቁት ሲኤስቢ የሚባለውን የአካባቢውን ቢሮ ነው። አልጋ ሳትገጣጥሙ ደውሉ።

የወንድና የሴት ልጅ እናት

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ ለባለቤቴም አነበብኩለት። አንድ ነገር ይቅረኝ፤ ክፍል ሳናይ መወሰን ያስፈራኛል። ገብቶ ማየት ይቻላል? ከተቻለስ ምን ልይ?

የሁለት ልጆች አባት

ሁሉም አይፈቅድም፣ አንዳንዱ "መጀመሪያ ነዋሪ ሁኚ" ይልሻል፣ ጠይቂ ግን። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስንቀይር አንዱን ለ20 ደቂቃ አይቻለሁ።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጌጥ ተዪው። ረዳቶቹን እዪ። ልጆቹ ጋ ዝቅ ብለው ነው የሚያወሩት ወይስ እርስ በርስ? ያለቀሰ ልጅ ሲኖር ማን ይሄዳል? መናገር የማይችል ልጅ በምንድነው የሚጠይቀው፣ ሥዕል አለው፣ ታብሌት አለው፣ ታብሌቱ ልጁ እጅ ነው ያለው ወይስ መደርደሪያ ላይ? የእኛ ልጅ ታብሌት ድሮ ትምህርት ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር የሚውለው፣ "እንዳይሰብረው" ብለው። አፉን እንደ መቆለፍ ነው።

ከዚያ ጠይቂ፦ ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ፣ ስንት አዋቂ? የስፒች ባለሙያዋ በአካል ትመጣለች ወይስ በስክሪን ነው? ቦታው ክፍት ከሆነ ማን ይሸፍናል? ባሱ ላይ ረዳት አለ? ከ5ኛ ክፍል በኋላ ፕሮግራሙ የት ይቀጥላል? ይሄን የመጨረሻውን ማንም አይጠይቅም፣ እኛ ግን በሱ ምክንያት ነው ሁለተኛ ጊዜ ዕቃ የጫንነው።

ወረቀቱን ደግሞ አዲሱ ካውንቲ ያስመጣዋል ብለሽ አትተዪው። ያለቀውን አይኢፒ፣ የምዘናዎቹን ሙሉ ሪፖርት፣ የክትባት ካርድ፣ የመጨረሻውን የውጤት መግለጫ ኮፒ አድርገሽ በእጅሽ ያዢ። በክረምቱ ቢሮ ውስጥ ሰው የለም፣ ፋይል ለመላክ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፣ ትምህርት ሲከፈት ግን ልጁ አይኢፒ ተዘጋጅቶለት መጠበቅ አለበት።

የወንድና የሴት ልጅ እናት (ከ3 ወር በኋላ)

የት ደረስሽ ብላችሁ በግል የጻፋችሁልኝ ስለበዛችሁ እዚሁ ልንገራችሁ።

ኢሜይሉን በማግስቱ ጠዋት ባስ ከሄደ በኋላ ቆሜ ጻፍኩት። ምዘናው ተደረገ፣ ስብሰባ ተቀመጥን፣ አስተርጓሚ ጠየቅኩ፣ መጣ። ሁለት ጊዜ አቋርጬ "ምን ማለት ነው?" አልኩ፣ መጀመሪያ ላይ ላብ አሰጠመኝ፣ ሁለተኛው ቀለለኝ። አሁን አይኢፒው ላይ ኦቲዝም ተብሎ ተጽፏል። የስፒች ደቂቃውም "ለብቻው" እና "በቡድን" ተብሎ ተለይቶ እንዲጻፍ አደረግኩ፣ የቨርጂኒያው ወንድሜ ካጫወተን በኋላ ማለት ነው።

ዉድብሪጅንም ጀርመንታውንንም ተውናቸው። የአክስታችን ነገር ከባለቤቴ ልብ ገባ፣ ባሱን ማን ይቀበላል የሚለው። ሁለት ካውንቲ ደወልኩ። አንዱ መልስ ሳይሰጠኝ ቀረ፣ ሌላው ሦስት የትምህርት ቤት ስም ሰጠኝ። በካርታው መሃል ያለው ዊተን ሆነ፣ ሞንትጎመሪ። ቀዩ ባቡር አለ፣ ባለቤቴ መኪና እንኳ ቢበላሽበት ሥራ ይገባል። እህቴ በ10 ደቂቃ መንገድ ላይ ናት። ቤቱ ከምናስበው ያንሳል፣ ሁለት መኝታ ነው፤ ግን ከመኝታ ቤቱ አጠገብ ምንም የማይሆን ትንሽ ጓዳ ነገር አለ፣ ባለቤቴ መጋረጃ ሰቅሎ የልጁ ጥግ ሊያደርገው ነው። ሊዙን ከኦገስት መጀመሪያ ጀምረን ፈረምን።

ከሦስቱ አንዱ ክፍሉን እንዳይ ፈቀደልኝ። ልጄንም ይዤው ሄድኩ፣ የሚተወው ሰው አልነበረኝም። በሩ ጋ እጄን ይዞ ቆመ፣ አልገባም አለ። ረዳቷ መጥታ ቁጭ አለች፣ ምንም አላለችውም፣ የሥዕል ካርዶቹን መሬት ላይ ዘረጋች። ብዙ ቆየ። ከዚያ እጄን ለቀቀና አንዱን አነሳ፣ የብርጭቆ ሥዕል ነው፣ ሰጣት። "ውሃ" አለ፣ በአማርኛ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝና "ምን አለ?" ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። "ውሃ" ብላ ደገመችለት፣ ተነስታ ቀዳችለት፣ ከዚያ ቃሉን በእስክሪብቶ ካርዱ ጀርባ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ እንዳሳያት ጠየቀችኝ።

ሴፕቴምበር ላይ ባሱ እንዴት እንደሆነ መጥቼ እጽፋለሁ። አዲስ የመጣሽው እህቴ፣ ልጅሽ ገባች ወይ? ንገሪን።

አዲስ የመጣሁ

ገብታለች። ምዘናው ገና አላለቀም፣ ግን ገብታለች። ትናንት ቦርሳዋን ይዛ ነው የተኛችው።